ውሻ አፍ ቢያወጣ

ውሻችሁ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ቢናገር መጀመሪያ ምን የሚል ይመስላችኋል? «ራበኝ» ይል ይሆን? «ትናንት ሌሊት ጅቡን ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ እናንተማ ተኝታችሁ ነበር» ይል ይሆን? ወይስ የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ይዘረግፈው ይሆን? እኔ የመጨረሻውን እፈራለሁ። ሌሊት ማን በየት በኩል እንዳለፈ ከውሻ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በተረታችን ውስጥ እንስሳት ሁሉ ይናገራሉ። ጦጣ ታታልላለች። ጅብ ይሞኛል። አህያ ብሶቷን ታሰማለች። ይህን ሰምቶ የሚደነቅ የለም፤ ተረት ነዋ! ሥጋና ደም ያለው ውሻ ጅራቱን እየቆላ እንደ ሰው ሲያወራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚያሳዩ ፊልሞች አሉ። ትልቅ ትንሹ አንድ ላይ ተቀምጦ እንዲስቅባቸው የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ስለ አንዱ ልንገራችሁ።

ፊልሙ የአሜሪካ ነው። ስሙ «ሆምዋርድ ባውንድ» ይባላል። «ወደ ቤት ጉዞ» እንደ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ነው፤ በእኛ 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያሠራው ዋልት ዲዝኒ የተባለው የፊልም ድርጅት ነው። አዘጋጁ ዱዌይን ደንሃም ይባላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ቤት ሦስት እንስሳት ይኖራሉ። አንዱ ሻዶ የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነው። ፀጉሩ እንደ ወርቅ ቢጫ ነው። ሻዶ በእንግሊዝኛ ጥላ ማለት ነው። ሁለተኛው ቻንስ ይባላል። ጎረምሳ ነው፤ ከሆዱ በቀር የሚያስበው ነገር የለም። ሦስተኛዋ ሳሲ የምትባል ድመት ናት። ኩሩ ናት፤ አፏም አያርፍም። በቤቱ ሦስት ልጆች አሉ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ እንስሳ አለው። ሻዶ የትልቁ ልጅ፣ የፒተር ነው።

የልጆቹ እናት ሌላ ባል ታገባለች። ባልየው ለሥራ ሳን ፍራንሲስኮ ወደተባለው ትልቅ ከተማ ይሄዳል። ቤተሰቡም አብሮት ይሄዳል። የሚሄዱት ለጊዜው ነው። እንስሳቱን ግን ይዘው መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ ከብት ለምታረባ ወዳጃቸው አደራ ሰጥተዋቸው ይሄዳሉ።

ልጁ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። እናትና አባት ያውቃሉ። ፊልሙን የምናየው እኛም እናውቃለን። ውሻው ግን አያውቅም። ማን ይንገረው? በምን ቋንቋ?

ሻዶ ደጅ ደጁን እያየ ይጠብቃል። ከዚያ ባለ አደራዋ ሴትዮም ከብቶቿን ልትነዳ ራቅ ወዳለ ቦታ ትሄዳለች። እንስሳቱን ጎረቤቷ እንዲያይላት መልእክት ትተውለታለች። ጎረቤትየው ግን መልእክቱን አላየውም። ይዛቸው የሄደች መስሎት ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ሻዶ ልቡ አልቻለም። «ልጄ አንድ ነገር ደርሶበታል» ብሎ ተነሣ። ሁለቱም ተከተሉት። ተራራውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያን ሁሉ ተራራ የሚያስወጣና የሚያስወርድ መከራ የመጣው ክፉ ሰው ስላለ አይደለም። ሌባ የለም፤ ጠላት የለም። ሁሉም ወዳጅ ነው። አንድ ቃል ለውሻ መንገር ስላልተቻለ፣ አንድ መልእክትም ሳይታይ ስለቀረ ነው።

በመንገድ የሚገጥማቸው ብዙ ነው። ድብ ያጋጥማቸዋል። የተራራ አንበሳ የሚሉት አውሬ ያሳድዳቸዋል። ድመቷን ወንዝ ይወስዳትና በፏፏቴ ትወርዳለች። ቻንስ ጃርት ጋ ሄዶ አፉን በእሾህ ያስሞላል። ጫካ ውስጥ የጠፋች ትንሽ ልጅ አግኝተው ሌሊቱን አቅፈዋት ያድራሉ።

ይህን ፊልም ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከመንዝ መጥታ እኔ ቤት ነበረች። የአንድ ዓይኗ ሞራ ተገፎላት ለቀጠሮ ትጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ልጄ ለአያቷ ታስተረጉም ጀመር። ውሻው ያሰበውን ፈረንጁ በእንግሊዝኛ ይናገራል። እንግሊዝኛውን ልጄ በአማርኛ ትናገራለች። የውሻው ቃል በሁለት አስተርጓሚ አልፎ ነው እናቴ ጆሮ የገባው።

እናቴ መጀመሪያ አማተበች። «ውሻ ሊናገር? ስምንተኛው ሺህ ደረሰ በሉኛ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ወደፊት ጠጋ አለች። የውሾቹን አፍ ትኩር ብላ አየች። «አፉ እኮ አይንቀሳቀስም። ማን ነው የሚናገረው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በዚህ ፊልም የእንስሳቱ አፍ አይንቀሳቀስም። የምንሰማው ሐሳባቸውን ነው። ድምፁ የሰዎች ነው። የሻዶን ድምፅ የሰጠው ዶን አሚቺ የተባለ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜው 84 ዓመት ነበር። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላይ አረፈ። የሽማግሌውን ውሻ ድምፅ ሽማግሌ ሰው መስጠቱ ለእኔ የፊልሙ ትልቅ ሀብት ነው። ድምፁ ይንቀረፈፋል፤ ግን አይለምንም። ለቻንስ ድምፅ የሰጠው ማይክል ጄ. ፎክስ፣ ለድመቷ ደግሞ ሳሊ ፊልድ ናት።

ውሾቹስ? ውሾቹ የሚያውቁት አሠልጣኛቸውን ብቻ ነው። አሠልጣኙ ካሜራ በማይደርስበት ቦታ ይቆማል። በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ጥሩ ለሠራ ቁራሽ ይሰጣል። ውሻው ቁራሹን ፍለጋ ቀና ሲል ካሜራው ይቀርፀዋል። በኋላ «ልጄ የት ሄደ?» የሚል ድምፅ ከሥዕሉ ጋር ይገጠማል። እኛም ውሻው ያዘነ ይመስለናል። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «እንዴ! ለቁራሽ ነው እንዴ እንዲህ ያስለቀሰኝ?» ብላ ሳቀች።

ታሪኩ መጀመሪያ መጽሐፍ ነበር። የጻፈችው ሺላ በርንፎርድ ስትሆን፣ የወጣው በፈረንጆች በ1961 ነው። የመጽሐፉ ጉዞ በካናዳ ነው። ዲዝኒ በ1963ም ፊልም አድርጎት ነበር። በዚያኛው እንስሳቱ አይናገሩም፤ አንድ ተራኪ ነው የሚተርክላቸው። በ1993 ድምፅ ሲሰጣቸው ቀልዱ ተጨመረ። ደራሲዋን ለማስታወስ ይሁን እንጃ፣ በፊልሙ የልጆቹ የቤተሰብ ስም በርንፎርድ ተብሏል።

ከዚያ ወዲህ ቴክኒኩ አድጓል። በ1995 «ቤብ» የሚባል ፊልም ወጣ። በጎች የሚጠብቁ ውሾችና አንድ የአሳማ ግልገል አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያወራሉ። ይህ የተሠራው በአሻንጉሊትና በኮምፒዩተር ነው፤ ኦስካር የሚባለውን ሽልማትም አስገኝቷል። በ2001 ደግሞ ውሾችና ድመቶች ጦርነት የሚገጥሙበት ፊልም መጣ። ልጆች በሳቅ ይንከባለሉበታል። እኔ ግን አፉን የዘጋውን ውሻ እመርጣለሁ። አፉ እንደ ሰው ሲንቀሳቀስ ዓይኔ አፉ ላይ ይቀራል። አፉ ሲዘጋ ዓይኑን አያለሁ። ጆሮውን፣ ጅራቱን አያለሁ። ውሻ የሚናገረው በእነሱ አይደል?

ደግሞም ሰዎቹ አይሰሙም። የፊልሙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ውሾቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ እኛ እንሰማለን። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን የሚሰሙት ጩኸት ብቻ ነው። ከመንገድ ያገኟቸው ሰዎች ወስደው ባለቤት የጠፋባቸው እንስሳት የሚያዙበት ግቢ ያስገቧቸዋል። የሚያስገቧቸው ለደግ ነው። የቻንስን እሾህ ይነቅሉለታል። እሱ ግን ሊገድሉት መስሎት ይጮሃል። ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

እናቴ የጃርቱ ነገር በጣም አሳቃት። «የእኛው ታዘብም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆኖ መጣ። አባትሽ ያዘው፤ እኔ በጉጠት ነቀልኩለት» አለች።

ታዘብ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእናቴ ውሻ ነው፤ በግ ጠባቂ። በእኛ ሰፈር የውሻ ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ለጎረቤት የሚነገር ነገር ካለ በውሻው ስም ይነገራል። አባቴ ከአጎራባቻችን ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ነበር። ያን ጊዜ ያመጣውን ቡችላ «ታዘብ» አለው። ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ፣ «ታዘብ! ኧረ ታዘብ!» እያለ ይጣራል። ጎረቤቱ ይሰማል። ውሻው ግን ስለ ድንበሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እራቱ ደረሰ ብሎ ይሮጣል። ኋላ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። አባቴም አረፈ። ስሙ ግን ቀረ። አሁን እናቴ ስትመጣ ውሻውን አደራ ያለችው ለዚያው ጎረቤት ነው። ማታ ማታ «ታዘብ! ኧረ ታዘብ!» እያለ የሚጣራው እሱ ሆኗል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መጨረሻው አካባቢ ሻዶ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እግሩ ይጎዳል፤ መውጣት ያቅተዋል። ጎረምሳውን «አንተ ሂድ፤ እኔ ደክሞኛል» ይለዋል። ልጄ ይህን ስታስተረጉም ድምፅዋ ቀነሰ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። «ዕድሜ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ሳለ ቻንስ ከኮረብታው ላይ እየሮጠ ይደርሳል። ድመቷም ትደርሳለች። ሻዶ የለም። ፒተር «አርጅቶ ነበር» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሻዶ በመጨረሻ እያነከሰ ከኮረብታው ብቅ ሲል፣ ቤታችን ውስጥ እልል ያለችው እናቴ ናት። ሐኪሙ ዓይኗን እንዳታሽ አዟት ስለነበር ልጄ እንባዋን በመሐረብ አደረቀችላት።

እራት ከተበላ በኋላ እናቴ፣ «እስቲ ለጎረቤታችን ደውይልኝ» አለችኝ። ደወልኩ። ስለ በጎቹ ጠየቀች፤ ደህና ናቸው። ስለ ገብሱ ጠየቀች። ከዚያ፣ «ታዘብስ?» አለች።

«ይበላል፤ ግን ሲመሽ ሄዶ ያንቺ ደጃፍ ላይ ይተኛል። እኔ ጋ አያድርም» አላት።

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ» አለች።

«የማን ጆሮ ላይ?»

«የውሻው ነዋ!»

ጎረቤታችን ሲስቅ ይሰማል። ቢሆንም ወጣ። እናቴ ሞባይሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ታዘብ! ታዘብዬ!» አለች። ዝም አለ። ከዚያ የጎረቤታችን ድምፅ መጣ። «ጆሮውን ቀጥ አደረገ። አሁን ከኋላዬ ዞሮ እየፈለገሽ ነው። ቤቱንም እየዞረ ነው» አለ።

እናቴ ትንሽ አሰበች። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት መሄድ አትችልም። «ሐሙስ ትመጣለች በለው» አለች።

«እኔ ብነግረው ይሰማኛል?»

«አንተ ብቻ ንገረው።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዘብ! ሐሙስ ትመጣለች! ሐሙስ!» ሲል በስልኩ ውስጥ ሰማነው። ውሻው ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ልጄ ወደ አያቷ ዞራ፣ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ስንት ሌሊት ነው? ነው የሚለው» አለች እናቴ።