የጤና አዳም ችግኝ

ጤና አዳምን የማያውቅ ቡና ጠጪ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። ለምለሙ ቅጠል በስኒ ውስጥ ሽታው ሲያውድ፣ የደረቀው ፍሬ ደግሞ ከበርበሬ ጋር ሲደለዝ እያየን ያደግን ሰዎች ተክሉን እንደ ቤተሰብ አባል እንቈጥረዋለን። ሆኖም ብዙዎቻችን ቅጠሉን መቀንጠስ እንጂ ተክሉን ማራባት አንችልበትም። ከገበያ በቀላሉ ስለሚገኝ ይመስለኛል።

ጤና አዳም እንደ ጤፍና እንደ ሽንብራ በአንድ ወቅት በቅሎ የሚያልቅ ሳይሆን ለዓመታት የሚኖር ቍጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ሩታ ቻሌፔንሲስ» ሲሆን ሁለተኛው ቃል «የሐለብ» ማለት ነው፤ ይኸውም ጥንታዊቷን የሶርያ ከተማ ያስታውሳል። የትውልድ አገሩም የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ዘመድ ነው ሲባል የሚገረም ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ቅጠሉን በብርሃን ፊት አንሥቶ የተመለከተ ሰው በሎሚ ቅጠል ላይ የሚታዩትን የመሰሉ ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦች ያያል።

ዕድሜው ረጅም ነው ማለት ግን አያረጅም ማለት አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ግንዱ እንጨት ይሆናል፤ ከሥሩ ይራቈታል፤ ቅጠሉም ከጫፍ ከጫፉ ብቻ ይቀራል። እናቴ በአቦምሳ ጓሮዋ የነበራት ጤና አዳም ከዚህ ደረጃ ደርሶ ነበር። ተክሉን ሟች አያቴ ከአሰላ በጣሳ ይዛ ያመጣችላት ስለሆነ፣ ጎረቤቶቿ «ነቅለሽ ሌላ ትከዪ» ቢሏት እሺ አላለችም። እኔም ፍሬውን እንድንዘራው ሐሳብ አቀረብሁ። «ከፍሬው የሚበቅለው ልጁ ነው፤ እኔ የምፈልገው እርሱን ራሱን ነው» አለችኝ። እናቴ ፊደል ባትቈጥርም አነጋገሯ ከዕፀዋት ትምህርት ጋር የሚስማማ ነበር። ከዘር የሚበቅል ተክል በባሕርይው ከወላጁ ሊለይ ይችላል፤ ከቅርንጫፍ የሚገኝ ችግኝ ግን ያው ራሱ ተክል ነው።

በክረምቱ መግቢያ አበባ ያላወጡ፣ እጅግ ያልለመለሙና እጅግም ያልደረቁ ዐሥር ቅርንጫፎች መረጥን። ከስንዝር አሳጥረን ከአንጓቸው ሥር ቈረጥናቸው። ቀጥሎም የታችኛውን ቅጠል አራገፍን፤ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ በቅጠሉ በኩል የሚተነውን ውሃ መተካት አይችልምና። ከዚያም ግርጌያቸው በምስማር በተበሳ ጣሳዎች ውስጥ፣ ግማሹ አሸዋ ግማሹ አፈር በሆነ ድብልቅ ተክለን ከጥላ ሥር አኖርናቸው። አቦምሳ ከአሰላ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ጥላው የግድ ነበር።

ጤና አዳም ድርቅን ይችላል፤ ውሃ የቋጠረ አፈርን ግን አይችልም። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከጥማት ይልቅ ውሃ በዝቶበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለሆነም በደጋው ጥቁር አፈር ላይ የሚተክል ሰው መደቡን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ሥር ሰድዶ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ መንቀልም አዲሱን ሥር ይበጥሳል። እኛ አንድ ወር ያህል ታግሠን ችግኞቹን በቀስታ ሳብ ብናደርጋቸው ሰባቱ እምቢ አሉ።

በቈረጣው ጊዜ እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። የተክሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ቢያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቍስልም ያወጣል። ሥራውን አመሻሽ ላይ መሥራትና እጅን በሳሙና መታጠብ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችልም ነፍሰ ጡር ሴት ከጤና አዳም ልትርቅ ይገባታል። በቡና ቤት ጨዋታ መካከል ይህ ሲነገር ብዙ ጊዜ አልሰማም።

ከሰባቱ ችግኞች አራቱን የወሰዱት «ነቅለሽ ጣዪው» ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ ከአክስቴ ጋር ወደ አሰላ ተመለሰ፤ በደጋው ብርድ እድገቱ ዘገየ እንጂ አልሞተም። አሮጌው ቍጥቋጦ በተከታዩ በጋ ደረቀ። እናቴ ግንዱን ቈርጣ ቡና አፈላችበት፤ ለስኒው የሚሆነውን ቅጠል ግን ከአዲሱ ቀነጠሰች።