ጠጅ በብርሌ፣ ብርሌ በአሳላፊ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አበው። ብርሌው ግን በራሱ አይሞላም፤ በራሱም ከእንግዳው እጅ አይደርስም። በመካከል አንድ ሰው አለ፤ አሳላፊ። በትርጉም ሥራ ከሚያስደንቁኝ የአማርኛ ቃላት አንዱ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው መጠጥ ቀጂውን ከባንኮኒው ጋር አስሮ ይጠራዋል። የእኛ ቃል የሚያየው ግን ተግባሩን ነው፤ ከጋባዡ ወደ ተጋባዡ በልክና በጊዜው ማሳለፍን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንትም የፋርስን ንጉሥ ያገለግል የነበረውን ነህምያን «ጠጅ አሳላፊ» ብለውታል።

በቀድሞው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር አሳላፊነት ለማንም የሚጣል ሥራ አልነበረም። አሳላፊው መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጥቂት ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ በገዛ ሕይወቱ ዋስ መሆኑ ነው።

ዛሬ በእኛ በኦዳ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ምርቃት ሲደገስ ይህ ሥራ የማን ነው? የሁሉም ነው፤ ስለዚህም የማንም አይደለም። አባት በአንድ ጥግ ይቀዳል፣ አጎት በሌላው፤ ለአቅመ መጠጥ ያልደረሱ ልጆችም የቢራ ሣጥን ተሸክመው ይዞራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተገኘሁበት አንድ ሠርግ፣ አንድ ወጣት እንግዳ ከአምስት ዘመዶች እጅ ሲቀበል አመሸ። እያንዳንዱ ጋባዥ የቀዳለት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ድምሩን ግን ያወቀ አልነበረም። ወጣቱ ሌሊት በሞተር ብስክሌት ሲመለስ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጋባዦቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ቆጣሪ ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በእኛ ባህል ጋባዥ «አፈር ስሆን!»፣ «በሞቴ!» እያለ የመለመን ግዴታ አለበት። «ጠጡ» ሲል ያመሸ አንደበት ተመልሶ «በቃዎት» ሊል አይችልም፤ ቢል ስስታም ይባላል። የተቀጠረ አሳላፊ ግን ይህ ቀንበር የለበትም። ውኃ ያቀርባል፣ ምግብ ያስጨምራል፣ ቀጣዩን ብርሌ ያዘገያል፤ እንግዳውም አይቀየምም፣ የጋባዡም ስም አይጎድፍም።

ሁለተኛው ጉዳይ ልክ ነው። 5 በመቶ አልኮል ባለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 42 በመቶ በሆነ አረቄ ይኸው መጠን በ40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአንዲት ትንሽ መለኪያ ውስጥ ይገኛል። አረቄን በውኃ ብርጭቆ የሚቀዳ አጎት ሳያውቀው አራትና አምስት ቢራ በአንድ ጊዜ አስጨበጠ ማለት ነው። ጠጅም ጣፋጭነቱ ጉልበቱን ይሸሽገዋል። ሙያተኛ ይህን ያውቃል፤ የሚቀዳውም በመለኪያ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ለሞያሌ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ አማራውና ሌላውም በአንድ ገበያ የሚውሉባት ናት፤ ከእንግዶቻችንም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። አስተዋይ አሳላፊ የማይጠጡትን በለስላሳ፣ በሻይ በወተትና በንጹሕ ብርጭቆ ለብቻ ያስተናግዳል። ለማይጠጣ የሚቀርበው ብርዝ እንኳ በእኛ ሙቀት ሲያድር መፍላት እንደሚጀምር ስለሚያውቅ በዕለቱ ያዘጋጀዋል። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የጎሣ ግጭት ያየች ናት። በስካር የተወረወረች አንዲት ቃል በሌላ ስፍራ ጠብ ብትሆን፣ እዚህ ከጠብ ልታልፍ ትችላለች።

ሕጉም ቢሆን ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ ዕድሜው 18 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ወሰኑን 21 አድርጎታል። የ19 ዓመቱ ወጣት በዚህ ማዶ ገዝቶ መጠጣት ይችላል፤ በዚያ ማዶ ግን አይሸጥለትም። በግል ድግስ ሽያጭ ባይኖርም፣ ሕጎቹ ለልጅ መጠጥ እንዳይሰጥ የተጨነቁበት ምክንያት በድንኳናችንም ይሠራል።

«እንግዳን በቅጥረኛ እጅ ማስተናገድ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነውሩ ሌላ ይመስለኛል፤ እናት የገዛ ልጇን ሠርግ ከጓዳ ሳትወጣ ማሳለፏ ነው። ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። ያለ ልክ ተከፍቶ በየጠረጴዛው ተጋምሶ የሚቀረው ጠርሙስ ብቻ ቢሰበሰብ ከደመወዙ ብዙውን ይሸፍናል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም ጠርሙስ እየወረወረ የሚቀልብ ሰው መሆን የለበትም። እሽጉን በእንግዳው ፊት የሚከፍት፣ ምንጩ ያልታወቀ መጠጥ የማያቀርብ፣ እየሠራ የማይጠጣና የእንግዳን ዓይን ማንበብ የሚችል ይሁን። በሆቴል የሠለጠኑ እንዲህ ያሉ ልጆች በመካከላችን አሉ። ሥራ ብንሰጣቸው እነርሱም ይጠቀማሉ፣ የጥንቱም ማዕረግ ክብሩ ይመለሳል።

የድግስ ምርቃት «ከርሞ ያገናኘን» ነው። ለከርሞ ለመገናኘት ደግሞ እንግዳ ሁሉ በሰላም ከቤቱ መድረስ አለበት።