ልጄ ከግድግዳ ጋር ያወራል



ባለፈው ክረምት በርሆቦት ቂርያት ሞሼ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባት ወደ ቢሮዬ መጡ። ወደ አገር ከገቡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ማታ ማታ በቂርያት ቫይዝማን የቢሮ ጽዳት ይሠራሉ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ልጄ ከግድግዳ ጋር ያወራል» አሉኝ።

የ12 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ብቻውን ይጮኻል፤ ብቻውን ይስቃል። «እኔ በማጸዳው ቢሮም ትልልቅ ሰዎች እስኪመሽ ድረስ እንደዚሁ መስታወት ላይ አፍጥጠው አያለሁ። ለእነሱ ግን ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ለመሆኑ የእነሱና የልጄ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ተምሬያለሁ ባይ፣ ብዙ ሳላስብ «አባባ፣ መሣሪያውን ይውሰዱበት» አልኳቸው። ወሰዱበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡና «አሁንማ ከግድግዳውም ጋር መነጋገር ተወ» አሉኝ።

ነገሩ ሲጣራ፣ ልጁ ያወራ የነበረው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር፣ ያውም በዕብራይስጥ ነበር። እንዳይሳቅበት ፈርቶ በክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍተው ልጅ፣ በጨዋታው ውስጥ «ከኋላህ ነው! ሩጥ!» እያለ ሌሎቹን ይመራ ነበር። ሳይፈራ የሚናገርበትን አንድ ቦታ ያዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ሳላውቅ መምከሬ አሳፈረኝ። ስለዚህ ከእኅቴ ልጅ መሣሪያ ተውሼ ክረምቱን ማታ ማታ ስጫወት ከረምኩ። ያየሁትን እንደ ተጫዋች አጫውታችኋለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቴትሪስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ ሰው በሞስኮ የፈጠረው ጨዋታ ነው። ሰባት ዓይነት ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ እያዞሩ ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው። መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል። ቋንቋ አይጠይቅም። እኔን ያስታወሰኝ በመርካዝ ክሊጣ የስምንት ሰው ሻንጣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንደረድር ነው። እናቶች ብትሞክሩት ከልጆቻችሁ ትበልጣላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ቀጥሎ ማይንክራፍት ነው። የስዊድን ሥራ ሲሆን ሙሉ ሆኖ የወጣው በ2011 ነው። ዓለሙ ሁሉ ከአራት ማዕዘን ድንጋይ፣ አፈርና እንጨት የተሠራ ነው። አንዱ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሲጨልም አውሬዎች ይመጣሉና ከዚያ በፊት እንጨት ቆርጦ መጠለያ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ክብ ጎጆ እሠራለሁ ስል መሸብኝ፤ ሞትኩ። የእኅቴ ልጅ «አክስቴ፣ መጀመሪያ መጠለያ፤ ውበቱ ነገ» አለኝ። ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚሆን ምክር ነው። ከሞከርኳቸው ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

የእግር ኳሱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1993 ጀምሮ ፊፋ ይባል ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ጥሩነቱ ሁለት ሰው በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት መቻሉ ነው። ኳስ የሚያውቅ አባት ቁልፉን ባያውቅ እንኳ «ለክንፉ አቀብለው!» ማለት ይችላል። ክፋቱ ግን ማን እንዳለበት ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ የተጫዋቾች ጥቅል አለበት፤ ሎተሪ ማለት ነው። በቤልጂየም መንግሥት እንዲህ ያለውን ሽያጭ በ2018 ቁማር ነው ስላለ፣ ኩባንያው በዚያ አገር በ2019 መሸጡን አቁሟል።

ያ ልጅ ይጫወት የነበረው ፎርትናይት ነው። በ2017 የወጣ ሲሆን 100 ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። ተኩስ አለበት፤ ደም ግን አይታይም። እኔ 10 ጊዜ ተጫውቼ 10 ጊዜም ቶሎ ሞቻለሁ። ልቤ ግን ሲመታ ነበር፤ ልጆቹ ለምን እንደማይነሡ ያኔ ገባኝ። ጨዋታው በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚያገኘው የተጫዋቹን ልብስ በመሸጥ ነው። ልብሱ ጉልበት አይጨምርም፤ ልብስ የሌለው ልጅ ግን ይታወቃል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሳያስቡት ግዢ ለፈጸሙ ሰዎች የሚመለስ 245 ሚሊዮን ዶላር ኩባንያው እንዲከፍል መስማማቱን በታኅሣሥ 2022 አስታውቋል።

በመጨረሻ ኩኩሉን ልጥቀስ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው የስልክ ጨዋታ ነው፤ ወጥ መሆን አልፈልግም ብላ የምትሮጥ ዶሮ ናት። ቀላል ጨዋታ ነው፤ ቶሎም ይሰለቻል። ነገር ግን ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቻቸው አያት ናት፤ በዚያን ቀን የቤቱ አዋቂ እሷ ነበረች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

1ኛ/ በሳጥኑ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የተፈቀደው ዕድሜ ነው። ግራንድ ቴፍት አውቶ 18 ተብሎበታል፤ ለ10 ዓመት ልጅ አይገዛም። ሻጩ «ሁሉም ይገዙታል» ቢላችሁም አትስሙ።

2ኛ/ አሽራያችሁን በስልኩ ወይም በመሣሪያው ላይ አታስመዝግቡ። እኔ ስሙን የማልጠራው ጨዋታ ውስጥ አንድ ጊዜ አስገብቼ፣ ልጁ ያለ ክፋት ሲነካካ 180 ሰቅል ሄዶብኛል።

3ኛ/ «አሁኑኑ አጥፋ» ከማለት «ይህ ዙር ሲያልቅ ትነሣለህ» በሉ። እንደ ፎርትናይት ያለው መሀል ላይ ቆም አይልም፤ ጥሎ ቢወጣ ጓደኞቹን ይከዳል። ዙሩ ሲያልቅ ግን ቃላችሁን አጽኑ።

4ኛ/ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠይቁ። የክፍሉ ልጆች ከሆኑ መልካም፤ የማያውቀው ትልቅ ሰው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይቁም።

5ኛ/ የዓለም የጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታ ሱስ ተካቷል። ልጁ ራሱን መግታት ካቃተው፣ ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ምግቡን ከተወ፣ ይህም ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ እንረዳዳለንና ወደ እኛ ኑ።

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ይቅርታ ጠይቄ መሣሪያውን እንዲመልሱለት ነገርኳቸው፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሩም ክፍት ሆኖ። በሰንበት ደግሞ መሣሪያውም ያርፋል። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ላቀረቡልኝ ጥያቄም ዘግይቼ መልስ ሰጠሁ። የሚጋግርና የሚበላ ሁለቱም ከምጣዱ አጠገብ ቢቀመጡ አንድ አይደሉም፤ በቂርያት ቫይዝማን ያሉት ይጋግራሉ፣ ልጅዎ ይበላል አልኳቸው። የአገራችን የመጀመሪያ ኮምፒዩተር ቫይዛክ በ1955 ሥራ የጀመረው እዚያው ጎረቤት፣ በቫይዝማን ተቋም መሆኑንም ነገርኳቸው። ጨዋታ መጫወት ብቻውን መሐንዲስ አያደርግም፤ ይህን ለማንም ቃል አልገባም።

ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እንዴት እንደሚጋገር ልጠይቀው እችላለሁ?» አሉኝ።

አሁን ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ይቀመጣሉ። ቁልፉን አይነኩም፤ ይጠይቃሉ እንጂ። ልጁም ስለ ጨዋታው በአማርኛ ያስረዳቸዋል፤ ቃል ሲጠፋው እሳቸው ይሞሉለታል። በክፍል ውስጥ እስካሁን ብዙ አይናገርም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጊዜ እጁን አንሥቷል አሉ።

ቸር ያሰንብተን።