ዕዳው የተጻፈው አሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው

ኮምፒዩተር ሲያረጅ ብዙዎቻችን ቆጥ ላይ እንጥለዋለን፤ አለዚያም ለቁራሌው እንሸጠዋለን። ውስጡ ምን እንደተጻፈ ሳያዩ መሸጥ ግን አንዳንድ ጊዜ የሰው ሐቅ አብሮ መጣል ይሆናል። አባታችን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ነጋዴ ነበሩ። የዱቤ ሒሳባቸውን ለዓመታት የያዙት ባለ 386 ፕሮሰሰር በሆነ ኮምፒዩተር፣ ሎተስ 1-2-3 በተባለው ፕሮግራም ነበር። ሊሞቱ ሲሉ፣ «ያልከፈልኩት የሰው ገንዘብ አለ፤ ዝርዝሩ ከማሽኑ ውስጥ ነው» ብለው ተናዘዙ። ማሽኑ ሲበራ ግን ሃርድ ዲስክ የለኝም ይል ጀመር። የጠየቅነው ጠጋኝም «ጣሉት» አለን።

እኛ ልጆቻቸው ዕዳ እንደማይጣል ስለምናውቅ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተነሣን።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ምን ምን ዕቃ እንደተገጠመለት የሚያውቀው በማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አቀማመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤቲ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዲስኩን ዓይነት ሲሞስ በተባለ፣ በባትሪ በሚጠበቅ ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ መያዝ ጀመረ። የአባታችንም ማሽን የዚሁ ዘር ነው። ባትሪው ሲሞት ማሽኑ ዲስኩን ይረሳል፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ግን በዚህ ምክንያት አይጠፋም። ተስፋችንም ይኸው ነበር።

አስቀድመን ገመዱን ከሶኬት ነቀልን፤ የሰውነታችን ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳም የቀፎውን ብረት ነካን። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደችው በርሜል መሳይ ባለ 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ አፍስሳ ዙሪያዋን አረንጓዴ አድርጋው ነበር። ይህ ፈሳሽ የመዳብ መስመሮችን እየበላ ይሄዳል፤ ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው፣ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም፣ መጀመሪያ ባትሪውን ይመልከት። ጓንት አድርገን ቆርጠን አወጣናት። ፈሳሹ አልካላይ በመሆኑ አቼቶ በነከርነው ጥጥ ኃይሉን ሰበርን፤ በአልኮል ጠርገን በሚገባ እስኪደርቅ ጠበቅን። ለውጭ ባትሪ በተዘጋጀው መሰኪያም አዲስ ባትሪ አገናኘን።

የሜሞሪ ካርዶቹን እግሮች በላጲስ አሽተን መለስናቸው። በ386 ዲኤክስ ላይ ባለ 30 እግር ሜሞሪ የሚሰካው አራት አራት እየሆነ ነው፤ አንዱ 8 ቢት ሲያቀብል ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ 32 ቢት ይጠይቃልና። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጡት ሁለት መሰኪያዎችም ጥቁር ሽቦዎቻቸው መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው፤ ከተገላበጡ ማዘርቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

የቀረው ዲስኩን ለማሽኑ ማስተዋወቅ ነበር። ስናበራው ዴል የሚለውን ቁልፍ ተጭነን ወደ ማስተካከያው ገባን፤ ከዲስክ ዓይነቶችም ቁጥሩን ተጠቃሚው ራሱ የሚሞላበትን 47ኛውን መረጥን። ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 776 ሲሊንደር፣ 8 ሄድ፣ 33 ሴክተር ይላል። አንድ ሴክተር 512 ባይት ስለሚይዝ፣ ሁሉም ሲባዛ 104,890,368 ባይት ይሆናል። በክፍል ለምናስተምራቸው ልጆች መልካም የማባዛት ጥያቄ ነው። አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልን፤ ዲስኩ አልነበብም ቢል «ፎርማት» የሚለውን ትእዛዝ ፈጽሞ አይስጥ። የተሳሳተ ቁጥር ይታረማል፤ የተደመሰሰ መዝገብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ዲስኩ ተነሣ። መዝገቡን 1.44 ሜጋባይት በሚይዝ ፍሎፒ ቀዳነው፤ በዩኤስቢ በሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያም ወደ አዲስ ኮምፒዩተር አሻገርነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው ፕሮግራም የሎተስን ፋይል ይከፍታል።

አሥራ አንድ ስም አገኘን። ለስድስቱ ለራሳቸው፣ በሞት ለተለዩት ለሁለቱ ደግሞ ለወራሾቻቸው ከፈልን፤ የያኔ ብርና የዛሬ ብር አንድ ባለመሆኑም ከእያንዳንዳቸው ጋር ተነጋግረን በስምምነት ጨረስን። ሦስቱን ግን እስከ አሁን እየፈለግን ነው።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገር መሆኑን በመድረሳ ተምረናል። አባታችን ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ሊያነበው ያልቻለ ጽሑፍ ባለ ሐቁን አይጠቅመውም። ስለዚህ በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ዱቤ የምትይዙ ወገኖች፣ በየዓመቱ ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ የት እንዳስቀመጣችሁትም በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ።