እስከ ሚያዝያ 23

ልጄ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልታጠና እንዳሰበች የሰሙ አንዲት የሰፈራችን እናት፣ «እዚሁ አገር ተወልዳ እንግሊዝኛውን ገና አልጨረሰችውም እንዴ?» አሉኝ። አብረን ሳቅን። ቤት ስደርስ ግን ሳቄ አልቆ ነበር። በዚሁ ትምህርት ዲግሪ ይዤ ሲያትል ውስጥ የከተማ አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝና፣ ጥያቄው ከልጄ ይልቅ ለእኔ የቀረበ መሰለኝ።

መጋቢት ላይ ሁለት መልስ መጣላት። አንዱ ከዚሁ ከከተማችን፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌላው ኒው ዮርክ ካለው ከኮሎምቢያ። ሁለቱም ተቀብለዋታል። የትኛውን እንደምትመርጥ የምታሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ነበር።

የመጀመሪያው ለቤታችን እንግዳ አይደለም። የምነዳው 48 ቁጥር ከማውንት ቤከር ተነስቶ በ23ኛው ጎዳና ሽቅብ ይወጣና፣ የዳግላስ ትሩዝ ቤተ መጻሕፍትንና የጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን አልፎ፣ የሞንትሌክን ድልድይ ተሻግሮ ተማሪውን ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ያራግፋል። ልጄ ያደገችው በዚህ መስመር ላይ ነው። ዲናው መንግስቱ በ2007 ያሳተመውን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ የሚተርከውን ልብ ወለድ ያገኘችው ከዳግላስ ትሩዝ መደርደሪያ ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በሁለት ቀን ጨርሳው መጣችና፣ «አባ፣ እንደኛ ዓይነት ሰውም መጽሐፍ ውስጥ ይገባል ለካ!» አለችኝ። ነገሩ የተጀመረው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ስለ ገንዘቡ ቶሎ ተናግሬ ልለፍ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኮሎምቢያ የዓመት ወጪ ምግብና መኝታ ተደምሮ ከ90 ሺህ ዶላር ያልፋል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የግዛቱን ነዋሪ የሚያስከፍለው የትምህርት ክፍያ 13 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ይህን ብቻ አይቶ ልጁን «እንዳታመለክቺ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን እንደ ኮሎምቢያ ያሉ ሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲዎች የቤተሰቡን ገቢ አይተው፣ ቤተሰቡ የማይችለውን ያለ ብድር ይሸፍናሉ። እኛም ቅጹን ሞልተን ሁለቱን ሂሳብ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ብናስቀምጠው፣ ከኪሳችን የሚወጣው ተቀራራቢ ሆነ። እናቷ አላመነችም፤ ሁለት ጊዜ ደመረችው። ያው ነው። ገንዘቡ ወስኖልን ቢሆን እንዴት በቀለለኝ ነበር!

እንግዲህ ልጄ ምክር ከእኔ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የምማረውን መርጬ አላውቅም። በ1989 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ስገባ ምኞቴ ሕግ ነበር። የአንደኛ ዓመቱ አልቆ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሞላን፤ ውጤት ታየ፤ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜን ያገኘሁት ከውጭ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ሥር ነው፤ አራተኛ ምርጫዬ ነበር። ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ አልጋውም በነፃ በሚሰጥበት ዘመን ማጉረምረም ነውር ነው። ዝም ብዬ ገባሁ። በሁለተኛው ዓመት ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» አነበብኩ።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በወጣትነቱ ግን ፖርቱጋላዊው ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። በ1759 እናቱ ሲሞቱበት፣ ለቀብሩ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ቸግሮት በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ዋና ሰው ያደረገውም የአቢሲኒያን ልዑል ነው። ልዑሉ በአማራ አገር፣ ተራራ ባጠረው ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ሁሉ ነገር ይቀርብለታል፤ የቀረበት መምረጥ ብቻ ነው። ተራራውን ሰርስሮ ይወጣና ካይሮ ድረስ ሄዶ፣ ከሰው አኗኗር የትኛው እንደሚሻል ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ጆንሰን ራሱ ኦክስፎርድ ገብቶ፣ ከዓመት ብዙም ሳያልፍ በገንዘብ እጦት ያቋረጠ ሰው ነው። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት ደግሞ በዚያው በኦክስፎርድ የተማሩት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ፣ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። እኔ ያነበብኩት የእንግሊዝኛውን ነበር፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ በቀን አምስት ገጽ። በሦስተኛው ሳምንት ሕግ ተረሳኝ።

ልጄ ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ያነጻጸረችበት ደብተር ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ አልነበረም፤ የሚነበበው ነው የነበረው። የኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ሐኪም ልሁን የሚለውም ሳይቀር፣ ከ1937 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ አንድ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ይወስዳል። ከሆሜር ይጀመራል፤ ሁሉም ያንኑ መጽሐፍ ያነባል። እዚህ ደግሞ መንገዷን በአብዛኛው ራሷ ትቀይሳለች። ገጣሚው ቴዎዶር ሬትኪ ከ1947 እስከ 1963 ያስተማረው እዚሁ ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊው ቻርልስ ጆንሰንም ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። «ሌላ ሰው በመረጠልኝ ልጀምር ወይስ በራሴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከእኛ ከትልልቆቹ አልወጣም፤ የእኛ ክርክር ለቅሶ ቤት ሲጠራ የትኛው ስም ይከብዳል የሚል ነበር።

እኔ ግን በቀጥታ አልመለስኩላትም። አፌ ስለ ኮሎምቢያ ያወራል፦ በ1754 የተመሠረተ፣ ኤድዋርድ ሰዒድ አርባ ዓመት ያስተማረበት እያለ። እግሬ ደግሞ አንድ እሑድ ወደ ሱዛሎ ቤተ መጻሕፍት ወሰዳት። ግቢው ውስጥ የቼሪ ዛፎቹ አብበው፣ ከተማው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ ወጥቷል። «ለማየት ብቻ ነው» አልኳት። ንባብ ክፍሉ ውስጥ፣ እንደ ካቴድራል ከፍ ካለው ጣሪያ ሥር ቆመን፣ በሹክሹክታ «አባ፣ ያመጣኸኝ እንድቀርልህ ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ደግነቱ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዝምታ ይፈቀዳል።

እውነቱን የነገርኳት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ስለዚያ ዲግሪ የጠየቀኝ አሠሪ የለም። ያነበብኩት ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው እሷ ላይ ነው፤ ማታ ማታ ስለ መጽሐፍ የማወራው ሰው እሷ ብቻ ናት። ብትሄድ ከማን ጋር አወራለሁ? «እንድትቀሪ እፈልጋለሁ። ይህ ግን የእኔ ፍላጎት ነው፤ ምክር እንዳይመስልሽ» አልኳት። ለትንሽ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ «ምክሩስ?» አለች።

ምክሩን ለማግኘት ቀናት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ የነገርኳት የአራተኛ ምርጫዬን ታሪክ ነው፤ ራሴ ብመርጥ ኖሮ «ራሴላስ» እጄ ላይ እንደማይደርስ። ምክር ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሚያዝያ 22 ማታ ከእራት በኋላ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «በራሴ ብጀምር የምወደውን ብቻ ነው የማነበው» አለችና ኮሎምቢያን ተጫነች። እናቷ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ኒው ዮርክ ብርድ ጠየቀች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ደስ አለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፤ ግማሹ እውነት ነው።

በነጋታው የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ስንደርስ ተማሪው እንደ ልማዱ እያመሰገነ ወረደ። መጨረሻ የቀረችው ልጅ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ ይዛ ፌርማታዋን ልታልፈው ነበር። «ደርሰናል» አልኳት። ብድግ አለች፤ ጣቷን ገጹ ላይ እንዳደረገች ወረደች። በሩን ዘጋሁና ወደ ማውንት ቤከር ዞርኩ።