ቀስ በል፣ ያዳልጣል!

አውሮፓ ውስጥ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የተናገረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣበትን ጥያቄ ያውቀዋል። «ትሮጣለህ?» ይሉታል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ጥያቄው ስለ ረሀብ ነበር፤ አሁን ስለ ሩጫ ሆኗል። መሻሻል ነውና አንከፋም። አበበ ቢቂላ በ1960 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም እንደዚያው) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያመጣው ክብር ለሁላችን ይበቃል ብለን ተቀምጠን ነበር። ለካስ ክብሩ ዕዳም አለበት! እናላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ቆሜ ልብ ወለድና ግጥም ሳስተምር የኖርኩ፣ ረጅሙ ሩጫዬ ከመማሪያ ክፍል እስከ መምህራን ክበብ የነበረ ሰውዬ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ዕዳውን እንድከፍል ተጠየቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅቴ ሀምቡርግ ትኖራለች። አገር ለቃ ከሄደች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ከተማዋ ከ2002 ጀምሮ በበጋቸው ትሪያትሎን የሚባለውን ውድድር መሀል ከተማ ላይ ታካሂዳለች። ትሪያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ በተከታታይ ነው። አሁን በምናውቀው መልኩ የጀመሩት አሜሪካኖች ናቸው፤ በ1974 ሳንዲያጎ ውስጥ። በ1978 ደግሞ ሀዋይ ላይ ርቀቱን አለቅጥ አርዝመው ዐሥራ አምስት ሰዎች ተነሡ፣ ዐሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ያኔ እንደ እብደት የታየው ነገር በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ። ለብቻው መድከም የማይፈልግ ሰው ሁለት ጓደኞች ይዞ በቅብብል መግባት ይችላል። የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር፣ ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ ከእግሩ ፈትቶ ከሌላው እግር ላይ ያስረዋል። የእኅቴ ልጆች ሲከፋፈሉ ግማሽ ኪሎ ሜትሩ ዋና ለታላቅየዋ፣ ሃያ ኪሎ ሜትሩ ብስክሌት ለታናሽየው ደረሰ። አምስት ኪሎ ሜትሩ ሩጫስ? «ጋሼ ሊጠይቀን ይመጣ የለ? ኢትዮጵያዊ አይደል እንዴ?»

እስከዚህ ቀልድ ነው። ቀልዱ የሚያበቃው እናታችን ላይ ነው።

እናቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጇንና የልጅ ልጆቿን ለማየት ከእኔ ጋር ሀምቡርግ ሄዳ ነበር። (ስለ ቪዛው ሰልፍ አላወራም፤ አንድ ሽማግሌ ሴት ወደ አገሯ እንደምትመለስ ለማስረዳት ስንት ወረቀት እንደሚያስፈልግ ሌላ ቀን እናነሣዋለን።) ያደግነው ደብረ ማርቆስ ነው። ውሰታ የሚባል ወንዝ አለ፤ በበጋ ልጅ እየዘለለ ይሻገረዋል። ሐምሌ ላይ ግን ሌላ ነው፤ ራቅ ብሎ የዘነበው እዚህ ሳያካፋ ይደርሳል። ታናሽ ወንድሜ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ሦስት ልጆች ሊሻገሩ ገቡ፣ ሁለቱ ወጡ። እሱን ያገኙት በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ! ለእኛ ለቀረነው ወንዝ የሚባል ነገር ተከለከለ። በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ዓሣ ስንማር እንኳ ቤት ገብተን አናወራም።

ደግሞ የእኛ ቤት ሐዘን ብቻ አይደለም። ደገኛ መቼም ከውኃ ጋር አይዋደድም። ወንዞቻችን ገደል ለገደል የሚሄዱ፣ ክረምት ከበጋ የሚቀያየሩ ናቸው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ሳስተምር ተማሪዎቼን በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ለደስታው ብሎ የሚዋኝ ገጸ ባሕርይ ፈልጉልኝ እላቸው ነበር። ወንዝ የሚሻገር፣ ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚያፈቅር ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ የሚዋኝ ያመጣልኝ የለም። በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሮቤል ኪሮስ መቶ ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ዋኝቶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። ስለ አመራረጡ የተነሣው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግን ከሳቅነው መካከል ስንቶቻችን ነን መቶ ሜትሩን የምንጨርስ? እኔ ሃያውንም ስለመጨረሴ እንጃ።

ጀርመኖቹ ዋናን እንደ ፊደል ቆጠራ ነው የሚያዩት። ልጅ ገና ትምህርት ቤት ሲገባ ያስተምሩታል፤ መጀመሪያ ለሚችል ሕፃን የባሕር ፈረስ ምስል ያለበት ጨርቅ ይሰጡታል፤ እናት መዋኛ ልብሱ ላይ ትሰፋዋለች። እኅቴም ሰፋች። ለእናታችን ግን በስልክ አልነገረቻትም። ልጅቷ የዋና ክለብ ገባች፤ አልነገረቻትም። ሜዳሊያ አመጣች፤ «በትምህርት ጎበዝ ናት እማዬ» ተባለ። እንዲህ እያለ ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት።

ለውድድሩ ቀንም የታሰበው ያው ነበር። ሩጫ ነው ብለን መጨረሻው ላይ እናቆማታለን፣ የእኔን ድካም አይታ ትመለሳለች። እኔ አልተስማማሁም። አንዲት ሴት ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከኖረች በኋላ በልጆቿ አትታለልም አልኩ። ከእኅቴ ጋር ማታውን በሹክሹክታ ተጣላን። በመጨረሻ እኔው ሻይዋን ይዤ ገብቼ ነገርኳት። ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ አልተናገረችም። ከዚያ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትገባው?» አለች። ነገርኳት። «እኔም እመጣለሁ» አለች።

ሌሊቱን ዘነበ፤ ጧትም አላቆመም። የሐምሌ አጋማሽ እሑድ ነው፤ የእነሱ በጋ! ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል። ዝናብ ብቻውን ግን ይህን ውድድር አያስቆመውም። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የወንዶቹ ትሪያትሎን በአንድ ቀን የተራዘመው ዝናቡ የሴንን ወንዝ ስላቆሸሸው እንጂ ሰዎቹ እንዳይረጥቡ ታስቦ አልነበረም። መብረቅ ካለ ግን ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ዋናው ይቀራል። ይህን የሰማችው እኅቴ አልስተር ሐይቅ ዳር ቆማ ሰማዩን እያየች መብረቅ ስትለምን ነበር።

ልጅቷ ጥቁሩን የላስቲክ ልብስ ለብሳ መጣች። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ምነው ጥቁር አለበሷት?» አለች ወደ እኔ ዞራ። ልጅቷ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ነገሩ ግን ገባት። «እማማ፣ ይህ ልብስ ያንሳፍፋል። መስመጥ ብፈልግም አልሰምጥም» አለቻት። እናቴ ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤ ከአገር ቤት ያመጣችው ጠበል ነው። በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል፣ አስፋልቱ ጎርፍ ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ ፊቷ ላይ እፍ አለችባት። አጠገባችን የቆመ አንድ ጀርመናዊ፣ ሰውየው ራሱ እየረጠበ፣ ውኃ ላይ ውኃ ሲጨመር በመገረም ያይ ነበር።

ከዚያ ገቡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቆብ አድርገዋል። ውኃው ላይ የሚታየው ቆብና ክንድ ብቻ ነው። «የቷ ናት?» አለች እናቴ። እኅቴ አንዱን አሳየቻት። እውነት እሱ ይሁን አይሁን እኅቴም አታውቅም። እናቴ ያንን ቆብ በዓይኗ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። ጃንጥላ ልይዝላት ስሞክር ከለለኝ ብላ ገፋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላ ነገር መቁጠር ጀመረች። በጀልባና በታንኳ ሆነው ዋናተኞቹን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ዘጠኝ ደረሰች።

«ስንት ጠባቂ አላቸው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኔ አንድ ሰው አልነበረም።»

ይህን ስትል እኔና እኅቴ አልተያየንም።

በየክረምቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለግንባታ ተቆፍሮ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ልጅ ወሰደ የሚል ዜና እንሰማለን። ክፍለ ሀገር ያለው ዜናም አይሆን። ዜናው ያልቃል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ልጆቻችንን ወንዝ አትሂዱ እያልን እናሳድጋለን፤ መከልከል ወጪ የለውማ! አጥር ግን ወጪ አለው፤ ዋና አስተማሪም ወጪ አለው። ውኃ ሰው በላ ነው ብለን ከተቀመጥን ደግሞ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ዐሥር ደቂቃ ግድም ቢሆን ነው ልጅቷ ወጣች። እኅቴ ያሳየችው ቆብ የሌላ ሰው ሆኖ፣ ልጅቷ ቀድማ ወጥታ ወደ ብስክሌቱ ቦታ እየሮጠች ነበር። እናቴ ስታያት ተቀመጠች፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ።

ታናሽየው በዚያ ዝናብ ብስክሌቱን ይዞ ሄደና አንድ ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ክርኑ ተልጦ፣ ደሙ ከዝናቡ ጋር እየወረደ መጣ። ውኃ ያልነካው ቤተሰብ በአስፋልት ተነካ ማለት ነው። እየሳቀ እግሬ ላይ ያንን ነገር አሰረልኝና «ሂድ ጋሼ!» አለኝ።

ሄድኩ። ስለ ሩጫው ብዙ የሚወራ የለም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቲሸርት አልብሰውኛል፤ መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ባንዲራውን ሲያይ ገና ከሩቁ ይጮኻል፤ ቀረብ ስልና ሰውየውን ሲያይ ዝም ይላል። አንዲት የሰባ ዓመት የምትመስል ሴት ስታልፈኝ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። ጫማዬ ውኃ ሞልቶ ይንቦጫረቃል። የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ አጠገብ ስደርስ ሰዉ ሁሉ በጀርመንኛ ፍጠን፣ ፍጠን ይላል። ከመሀል አንድ የማውቀው ድምፅ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ከሁሉም በልጦ ተሰማኝ፦

«ቀስ በል! ያዳልጣል!»

በሠላሳ ስድስት ደቂቃ ጨረስኩ። ስንተኛ እንደወጣን ልጆቹ ያውቁታል።

ቤት ገብተን፣ ልብስ ቀይረን፣ ሽሮ ቀረበ። የልጁ ክርን ታሽጓል። እናቴ ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ እያሻሸች ቆየችና ድንገት ጠየቀቻት።

«እታች ምን ይመስላል?»

«ምኑ እማማ?»

«ውኃው ውስጥ። ዓይንሽን ገልጠሽ ነው የምትሄጂው? ይታያል?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። ቃል ስትፈልግ ወደ እናቷ ታያለች፤ እኅቴ ግን ወጡ ላይ አቀርቅራለች።

«ቡናማ ነው» አለች በመጨረሻ። «እንደ ሻይ። እጄን አላየውም። ድምፅ የለም፤ ራሴ ስተነፍስ ብቻ እሰማለሁ።»

«ይበርዳል?»

«መጀመሪያ ብቻ። ከዚያ አታውቂውም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ፎጣውን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና የወንድሜን ስም ጠራች፤ አንድ ጊዜ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ እንጀራ ቆርሳ ልጅቷን አጎረሰቻት።