ከፌርፋክስ እስከ አሸዋው

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሎስ አንጀለስ። ፌርፋክስና ፒኮ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ፌርማታ ላይ ቆመናል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ የሦስት ዓመቱ ልጄ ጋሪው ውስጥ ነው፣ ትልቋ የአሸዋ ባልዲዋን እንደ ባርኔጣ ራሷ ላይ ደፍታለች። ፎጣው፣ ውሃው፣ ዣንጥላውና ፍርፍሩ በኔ ጀርባ ነው። ከኋላችን ወደ ኦሊምፒክ ጎዳና የሚዘልቀው መንገድ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈራችን ነው። ምግብ ቤቶቹ ገና አልከፈቱም። ከቤት ስንወጣ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን በር ድረስ ወርደው ለልጆቹ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን፤ «እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ባሕሩን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው» አሉ።

እኛም እንደሳቸው ነበርን። ዘመድ ሁሉ «እዚህ ከተማ ያለ መኪና አይኖርም» ሲለን አምነን፣ ሰው መኪናውን ይዞ እስኪመጣልን ሁለት በጋ ጠበቅን። ባሕሩ ከቤታችን ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። አሁን ብዙ ጊዜ ተመላልሼ ካየሁት በኋላ ልጅና አዛውንት ይዞ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው የምለው አለኝ፤ ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ውሃው ያለውን እርምጃ ቁጠሩ። ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ጥላስ? ልጁ አልቅሶ አልቅሶ «ቤት» ማለት ሲጀምር በስንት ደቂቃ ተሳፍራችሁ ትቀመጣላችሁ? መኪና ያለው ሰው እነዚህን አይጠይቅም፤ መኪናው ጥላውም፣ ጓዳውም፣ መኝታውም ነውና። እኛ ግን ሁሉንም ተሸክመን ነው የምንሄደው።

በዚህ መለኪያ ያየኋቸውን ቦታዎች ላስቃኛችሁ።

ሎንግ ቢች በባቡር ይደረሳል። «ኤ» የተባለው መስመር በ1990 ሰማያዊ መስመር ተብሎ ሲከፈት በዚህ ከተማ ዘመናዊውን የባቡር አገልግሎት ያስጀመረ ነው፤ ከዳውንታውን ተነስቶ ሎንግ ቢች መሐል ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግንባታው የተካሄደ ረጅም የድንጋይ ግድብ ስላለ ማዕበሉ እዚያው ተሰብሮ ይቀራል፤ ውሃው እንደ ሐይቅ ነው። ለትንሽ ልጅ ደስ ይላል። ግን የሎስ አንጀለስ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ የሚደፋው እዚያው አጠገብ ነው፤ ከባቡር ወርዶ እስከ አላሚቶስ ዳርቻ ያለው መንገድም ለእናቴ ጉልበት ይበዛል። ሳን ፔድሮ ያለው ካብሪዮ ደግሞ ትንሽ የባሕር እንስሳት ማሳያ አለው፤ ትምህርት ነው፣ ግን ከኛ ሰፈር መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ማሪና ዴል ሬይ ውስጥ «የእናቶች ዳርቻ» የሚባለው ማዕበል የለሽ ወሽመጥ ስሙ ብቻ ይጠራል፤ ውሃው በደንብ ስለማይዘዋወር ብዙ ጊዜ በንጽሕና ምርመራ ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል። ቬኒስ በ33 ቁጥር አውቶቡስ ይደረሳል። ለወጣት ጥሩ ነው፤ ጋሪ ገፍቶ፣ ልጅ ይዞ፣ እናት ደግፎ በዚያ ግርግር ማለፍ ግን ያደክማል።

ስለዚህ ሳንታ ሞኒካ።

ከሰፈራችን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሳንታ ሞኒካ ከተማ «ቢግ ብሉ ባስ» 7 ቁጥር ነው፤ ፒኮን ይዞ ሳይቀያይር ሳንታ ሞኒካ መሐል ያወርዳል። ሌላው ፌርፋክስን ተከትሎ በሚወርደው 217 ሄዶ «ኢ» የተባለውን ባቡር መያዝ ነው። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ መቀያየር ስለሌለው 7 ቁጥር ይሻላል፤ ጋሪ ካላችሁና አውቶቡሱ ሞልቶ መምጣቱ ካሳሰባችሁ ባቡሩ ሰፋ ይላል። እኛ ስንሄድ በአውቶቡስ፣ ስንመለስ በባቡር እንሆናለን። «ሜትሮ» የሚባለው ድርጅት በሚያንቀሳቅሳቸው አውቶቡሶችና ባቡሮች የአዋቂ ክፍያ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። «ታፕ» በሚባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ ከከፈላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብትቀያይሩ ሁለተኛ አይቆርጥም፤ በቀን ውስጥም 5 ዶላር ከሞላ በኋላ ያለው ጉዞ ነጻ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሁለት ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር አይከፍሉም። የተማሪዎች ነጻ ካርድም አለ፤ ብዙ ወላጅ ስለማያውቀው ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ጠይቁ። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ሰዎች በቅናሽ ካርድ ይሄዳሉ። ቢግ ብሉ ባስ የተለየ ድርጅት ስለሆነ ታሪፉ ለብቻው ነው፤ ያው ታፕ ካርድ ግን ይሠራል።

ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ አዲስ የሚመስለው ይህ መስመር የቆየ ታሪክ አለው። ቀይ የሚባሉት የኤሌክትሪክ ባቡሮች በዚያው መስመር ሰው ይዘው እስከ 1953 ድረስ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ከተማው ለመኪና ተሠራ። ባቡር ዳግም ሳንታ ሞኒካ የገባው ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በግንቦት 2016 ነው። «እዚህ ከተማ ያለ መኪና አይኖርም» የሚለው ወሬ ትዝ ሲለኝ ይህንንም አብሬ አስባለሁ፤ ያለ መኪና ባሕር መሄድ የዚህ ከተማ ሰዎች አያቶች ወግ ነበር።

ከመጨረሻው ጣቢያ ወጥታችሁ ኮሎራዶ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ባሕሩ ፊት ለፊት ይታያል። በልጅ እርምጃ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። አየሩ ወዲያው ይለወጣል። ሰፈራችን ፀሐይ ሲያቃጥል እዚህ ጉም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ እስከ ከሰዓት በኋላ ጉሙ አይነሳም። ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። ብዙዎቻችን ትምህርት እንደተዘጋ በሰኔ ሮጠን ሄደን በብርድ እንመለሳለን። ከሁሉ የሚሻለው መስከረም ነው፤ ጉሙ ይነሳል፣ ውሃው በዓመቱ ከሚሞቅበት ጊዜ አንዱ ነው፣ ሕዝቡም ይቀንሳል። ከእንቁጣጣሽ ጋር ገጥሞላችሁ ዘመን መለወጫን ባሕር ዳር ብታሳልፉት እንዴት ደስ ይላል! ግን «ይሞቃል» ማለቴን በላንጋኖ አትመዝኑት። ፓሲፊክ በበጋም ሃያ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ ሲነካችሁ ትንፋሽ ይቆርጣል።

ፒሩ ላይ፣ በባሕሩ ላይ የተዘረጋው ያ ረጅም የእንጨት መድረክ ላይ፣ መግባት በነጻ ነው። ልጆቹ ግዙፉን ሽክርክሪትና የእንጨት ፈረሶቹን ሲያዩ እጃችሁን ይጎትታሉ። ፒሩ በ1909 ሲከፈት ለመዝናኛ አልነበረም፤ የከተማውን የፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር ለማሻገር ነው የተሠራው። ዛሬ ያ ቱቦ የለም። ሆኖም ከፒሩ ሥር ያለው ውሃ እስካሁን ንጹሕ አይደለም። «ሂል ዘ ቤይ» የሚባለው ከ1985 ጀምሮ ለዚህ ባሕር የሚሟገት ድርጅት ዳርቻዎችን እንደ ትምህርት ቤት ከኤ እስከ ኤፍ እየመዘነ ውጤት ያወጣል፤ የሳንታ ሞኒካ ፒር ከካሊፎርኒያ የከፉት ዝርዝር ውስጥ ደጋግሞ ይገባል። ከመድረኩ ሥር ጨለማና እርጥበት አለ፣ ወፎች ያርፉበታል፣ የጎርፍ ማፋሰሻም አጠገቡ ነው። የድርጅቱ ምክር ግልጽ ነው፤ ከፒርና ከማፋሰሻ ቱቦ አፍ መቶ ሜትር ያህል ራቁ፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አትግቡ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ መኪና የመጣ ቤተሰብ ስለሚደክመው ነው። ጋሪና ቦርሳ ይዞ ፒሩ ጋ ሲደርስ እዚያው ፎጣውን ያነጥፋል፤ ልጁ ውሃውን ይጠጣል። አሥር ደቂቃ ብቻ ጨምሩ። በአሸዋው ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ወደ ደቡብ ሂዱ። የብስክሌቱን መስመር ስታቋርጡ የልጆቹን እጅ ያዙ፤ ብስክሌቶቹ ይፈጥናሉ፣ ከማዕበሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ከፒሩ ወረድ ብሎ ዥዋዥዌ፣ ቀለበትና ገመድ የተተከለበት ሜዳ አለ፤ ስፖርተኞች ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚሠሩበት የመጀመሪያው «መስል ቢች» ነው። ትልቋ ልጄ ሁልጊዜ እዚያ ሃያ ደቂቃ ታስቆመናለች።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ቤይ ስትሪት ነው። እዚህ ሁልጊዜ አረፍ እንላለን።

ይህ ዳርቻ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሎስ አንጀለስ ጥቁሮች ሳይባረሩና ሳይሰደቡ ከሚዋኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። ነጮቹ «ኢንክዌል» አሉት፤ የቀለም ብልቃጥ ማለት ነው፣ ለማንቋሸሽ። በ1922 ጥቁር ባለሀብቶች በዚሁ አካባቢ የመዝናኛ ሥፍራ ሊገነቡ ሲነሱ የነጭ ነዋሪዎች ማኅበር ተነስቶ አስቆማቸው። ኒክ ጋባልዶን የሚባል በ1927 የተወለደ ልጅ በማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት የተማረው እዚህ ነው። ጥሩ ማዕበል ያለው ማሊቡ ነበርና በሰሌዳው ላይ ተኝቶ በሁለት እጁ እየቀዘፈ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። በ1951 እዚያው ማሊቡ ካለው ፒር ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። በ2008 የሳንታ ሞኒካ ከተማ ለእሱና ለዚህ ዳርቻ መታሰቢያ ሰሌዳ አቆመ፤ በ2019 ደግሞ ዳርቻው በአገር አቀፍ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ገባ።

መታሰቢያ ሰሌዳውን ለልጄ አነበብኩላት። «እኛ እንድንገባ ነው የታገሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘግይተን የመጣን ሰዎች ነን፤ ሌሎች በከፈሉት የምንዝናናበትን ቦታ ልጆቻችን በስሙ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ጎብኚው በብዛት ፒሩ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ የኛ ልጆች ግን እዚህ ድረስ መምጣት አለባቸው።

አሸዋው እዚህ በጣም ሰፊ ነው፤ በቀትር እግር ስለሚያቃጥል ጫማችሁን እስከ ውሃው አታውልቁ። ጋሪውን መጎተት ከባድ ነው፤ ወደ ኋላ እየጎተቱ መሄድ ወደፊት ከመግፋት ይቀላል። የምትቀመጡት የነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ማማ ፊት ለፊት ይሁን፤ ማማዎቹ ቁጥር አላቸው፣ ልጁ ቁጥሩን ይወቅ፣ ከጠፋ እዚያ ይሂድ። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ደጋ ሰዎች ነን። ይህ ውሃ ደግሞ እንደ ሐይቅ አይደለም፤ ከዳር ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት አለው። ከጉልበት በላይ ሳንገባ መጫወት ይበቃናል። ሠራተኛውን ውሃው ዛሬ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ሥራው ነው፣ ይነግራችኋል። አልኮልና ሲጋራ ክልክል ነው። ከሰል ማንደድም አይቻልም፤ ቡና ከፈለጋችሁ እንደ እናቴ በቴርሞስ ነው።

በሰሜን በኩል፣ ከፒሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2009 ለሕዝብ የተከፈተው አነንበርግ የተባለው የባሕር ዳር ቤት አለ፤ የፊልም ተዋናይቷ ማሪየን ዴቪስ መኖሪያ የነበረ ግቢ ነው። የልጆች መጫወቻና ንጹሕ መጸዳጃ አለው። ጉልበት ላለውና ልጁ ከፍ ላለ ሰው ደህና ነው። ከእናቴ ጋር ግን አልሞክረውም።

እናቴ ያን ቀን መጀመሪያ አሸዋው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች፤ ማዕበሉን ዝም ብላ ታየዋለች። በኋላ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ሄደች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። «እውነትም ጨው ነው!» አለች። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ጨው በገበያ በአሞሌ እንጂ በውሃ አታውቅም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሆን ተነሱ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ይበረታል፣ ልጆቹ በእርጥብ ልብስ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የመጣውም ሕዝብ ሁሉ ባቡሩ ላይ አብሯችሁ ይሰለፋል። ቀድማችሁ ከወጣችሁ መስመሩ የሚነሳው ከዚያው ስለሆነ መቀመጫ አታጡም። ከአሸዋው ስትወጡ ባለው መታጠቢያ እግራቸውን እጠቡ፤ ደረቅ ካልሲ ለየብቻ ይዛችሁ ከሆነ ያኔ ትመሰገናላችሁ።

ባቡሩ ሲነሳ ትንሹ ተኝቶ ነበር። ትልቋ መስኮቱ ላይ ተደግፋለች። እናቴ ጭኗ ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞላ የባሕር ውሃ ይዛለች፤ መቼ እንደቀዳችው አላየሁም። «ለጎረቤታችን ነው፣ ይቅመሱት» አለችኝ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከቦርሳዋ የፋርማሲ ደረሰኝ አውጥታ ጀርባውን ወደ እኔ አዞረችው። «ያውቶቡሱን ቁጥር እዚህ ላይ በትልቁ ጻፍልኝ» አለች። 7 ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ፒኮ» አልኩበት።